ፌስታል ቀረ፤ ታዲያ ገበያ ምን ይዘን እንውጣ?

ክረምት ላይ የቦርከናን ወንዝ ያየ የደሴ ሰው ፌስታል ለምን ተከለከለ ብሎ አይጠይቅም። የ1999ኙ አዋጅ የነካው ስስ ስሱን፣ ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጠውን ነበር። በ2017 የጸደቀው ግን አንዴ ተይዞ የሚጣለውን ፌስታል በሙሉ ነው ያገደው።

መጀመሪያ ቤታችሁን ፈትሹ። ከበር ጀርባ የተንጠለጠለ የድሮ ዘንቢል ካለ አብሽሩ፣ ጨርሳችኋል፤ አዲስ አትግዙ። የጥጥ ቦርሳ ይሻላል ብላችሁም አትሩጡ። በ2011 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በወጣ ጥናት፣ የጥጥ ቦርሳ በአየር ንብረት ጉዳቱ ከስስ ፌስታል እንዲሻል 131 ጊዜ መያዝ አለበት። በሳምንት አንዴ ገበያ ለሚወጣ ሰው ሁለት ዓመት ተኩል መሆኑ ነው።

መግዛት የግድ ከሆነ ግን አስተውሉ። በየሱቁ በቀለም በቀለሙ የተሰቀለውና የጨርቅ ፌስታል የምንለው፣ ጨርቅነቱ ለስሙ ነው። ጫፉን በጥፍር ፈልቅቁት፣ ክር አይወጣውም፤ ፕላስቲክ ነው። በዚያው ጥናት 11 ጊዜ ከያዛችሁት ይበቃዋል፣ ስለዚህ ክፉ አይደለም። ጠላቱ ፀሐይ ነው። እኔ አንዱን በረንዳ ላይ ሰቅዬ በጋውን ረሳሁት፣ ሳነሳው እጄ ላይ ፍርፍር አለ።

ቀጥሎ ማንጠልጠያውን ያዙና ጎተት አድርጉት። በሙቀት የተጣበቀውን ተዉት። የተሰፋ፣ ስፌቱም የተደገመ ይሁን፤ ሰፋ ያለም ይሁን፣ አምስት ኪሎ ድንች ይዞ የደሴን ዳገት የወጣ ሰው ቀጭን ማንጠልጠያ ጣት እንዴት እንደሚቆርጥ ያውቀዋል።

የኔ ምርጫ? የጤፍ ወይም የዱቄት ማዳበሪያ ለልብስ ሰፊ ሰጥቶ ማሰፋት። ርካሽ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ሲቆሽሽ በሳሙና ይታጠባል። እህል የያዘበትን ነው ታዲያ፤ የእውነት ማዳበሪያ የነበረበትን ለምግብ እንዳትነኩት።

ሥጋ ስትገዙ ክዳን ያለው ሳህን ይዛችሁ ሂዱ። ደሙ ቦርሳው ውስጥ ከፈሰሰ ነገ ሰላጣ ትይዙበታላችሁ።

ደግሞ ታጥፎ ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ የሚገባ ትንሽ አንድ ይኑራችሁ። ትልቁን ከቤት ቁልፍ ጋር አንድ ሚስማር ላይ ስቀሉት። እኔ ይህን ከማድረጌ በፊት ስንቴ ቲማቲም በነጠላዬ ቋጥሬ ገብቻለሁ።