ውሃ ሲመጣ የሚቀሰቅስ ሳህን

ባሕር ዳር ላይ ከጣና ዳር ሆቴሎች ራቅ ብላችሁ ለጥቂት ቀን ኮንዶሚኒየም የምትከራዩ፣ በተለይ 3ኛና 4ኛ ፎቅ የደረሳችሁ፣ ይቺን ያዙልኝ። ውሃ በሚጠፋበት ሰሞን ቀን ቀን ቧንቧው ጠብ አይልም። ሌሊት ይመጣል፤ እናንተ ግን ተኝታችኋል።

ማታ ቧንቧው ሥር ባልዲ አድርጉ። ውስጡ የብረት ሳህን ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ቧንቧውን በትንሹ ክፈቱት፤ በሩንም ገርበብ። ውሃው ሲመጣ ሳህኑን ይደበድበዋል፤ እንኳን እናንተን ጎረቤትም ይቀሰቅሳል። የፕላስቲክ ሳህን አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ።

ቀን ሁሉም ሲቀዳ ግፊቱ ስለሚወርድ ውሃው ላይ ፎቅ መውጣት ያቅተዋል። ከተማው ሲተኛ ነው አቅም የሚያገኘው። መጀመሪያ የሚወርደው ደፍርሶ ከሆነ ለሽንት ቤት አስቀምጡት፤ ጀሪካኑን ሲጠራ ሙሉ።

ውጭ የምታድሩ ከሆነ ወይም እንቅልፋችሁ የድንጋይ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ፣ ቧንቧውን ዝጉት። የወለሉ ማፍሰሻም መደፈን አለመደፈኑን አስቀድማችሁ እዩ። ከሞላ የሚወርደው ከታች ባለው ሰው ኮርኒስ ላይ ነው፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ደግሞ ይቅርታ መጠየቅ አይመችም።