አስፋልት ሳይቆረጥ ቧንቧና ኬብል ማሳለፍ

ከመንገድ ሥር ቀዳዳ ሰርስሮ ቧንቧና ኬብል የሚስበውን የአግድም መሰርሰሪያ ማሽን ከማስነሳታችሁ በፊት አካፋ ያዙ። በመንገዳችሁ ላይ ያሉትን የመብራት፣ የጋዝና የውሃ መስመሮች በመፈለጊያ መሣሪያ ምልክት አድርጉ። ከዚያ የምታቋርጡበት ቦታ ላይ በእጅ ቆፍራችሁ በዓይናችሁ እዩዋቸው። እኔ ካርታ ብቻውን አላምንም። ወረቀቱ ላይ ያለውና መሬት ውስጥ ያለው ብዙ ጊዜ አይገጥምም።

መጀመሪያ ጠባብ ቀዳዳ ነው የሚቆፈረው። መሰርሰሪያው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 20 ዲግሪ አዘንብሎ ይገባል። ጫፉ በአንድ በኩል ሰያፍ ነው። እያሽከረከራችሁ ስትገፉት ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሳታሽከረክሩ ስትገፉት እንደ ሰያፉ አቀማመጥ ወደ አንድ ወገን ይታጠፋል። በቃ፣ መሪው ይኸው ነው። ከላይ የሚከተለው ሰው ጫፉ ውስጥ ካለው አስተላላፊ ጥልቀቱንና አቅጣጫውን ያነባል። መሰርሰሪያውን የሚያረዝም ዘንግ በተጨመረ ቁጥር ይነበብ። ኦፕሬተሩ ከቸኮለ «ቆይ!» በሉት።

በመሰርሰሪያው ዘንግ ውስጥ በሚገፋው የቤንቶናይት (ውሃ ሲነካው የሚያብጥ የሸክላ ዓይነት) ጭቃ አትሰስቱ። ቀዳዳውን ደግፎ ይይዛል፣ ጫፉን ያቀዘቅዛል፣ የተቆፈረውን አፈር ይዞ ይወጣል። እኔ ሥራ ላይ ከማሽኑ ይልቅ የጭቃውን ጉድጓድ ነው የማየው። ጭቃው መመለስ ካቆመ ወዲያው አቁሙ። ምናልባት በሌላ በኩል፣ ምናልባትም በሰው ግቢ እየፈነዳ ነው!

ጫፉ ወዲያ ማዶ ሲወጣ ቀዳዳውን እየዞረ በሚያሰፋ ጭንቅላት፣ በማስፊያ ቀይሩት። ቀዳዳው ከቧንቧው ውጫዊ ስፋት 1.5 እጥፍ ያህል ይሁን። በማስፊያውና በቧንቧው መሃል ስዊቭል (ማስፊያው ሲዞር ቧንቧውን የማያዞር መገጣጠሚያ) ግዴታ ነው፤ አለዚያ ቧንቧው አብሮ ይጠመዘዛል። ቀስ ብላችሁ፣ ሳታቋርጡ ወደ ማሽኑ ሳቡ። የፕላስቲክ ቧንቧ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ቆይቶ ደግሞ ይሰበሰባል። ስለዚህ ትርፍ አውጡና እስኪረጋ ጠብቁ። ከዚያ በኋላ ቁረጡ፣ አገናኙ።