«ባንክ አስገብቼልሃለሁ» ሲሏችሁ «የትኛው ሂሳብ?» በሉ

የአክስቴ ልጅ ዴንቨር ነው የሚኖረው። እዚህ ሀዋሳ አቶቴ ላለችው ቦታው ቤት መሥሪያ ብሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ለታናሽ ወንድሙ ሲልክ ከረመ። ታናሹ አምስት ሳንቲም አልነካም። በየወሩ «ጋሼ፣ ባንክ አስገብቼልሃለሁ» ይለዋል። በስተመጨረሻ ጋሼ ወለዱ ስንት እንደደረሰ ጠየቀ። ምንም! ጭቅጭቁ ሲከር እኔ ገላጋይ ሆኜ ከልጁ ጋር ፒያሳ ወዳለ ቅርንጫፍ ሄድኩ። የሂሳቡ መግለጫ ታትሞ ሲወጣ አናቱ ላይ «ተንቀሳቃሽ ሂሳብ» ይላል። ለሲሚንቶና ለብረት ቼክ መጻፍ ይቀለኛል ብሎ ነው ልጁ።

ተንቀሳቃሽ ሂሳብ የነጋዴ ነው፤ ቼክ ይጻፍበታል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወለድ የለውም። የቁጠባ ሂሳብ ወለድ አለው። ብሔራዊ ባንክ የወሰነው ዝቅተኛው ወለድ በዓመት 7 በመቶ ነው፤ ከወለዱ ላይ ደግሞ ግብር ይቆረጣል። የጊዜ ገደብ ተቀማጭ የሚባለው ገንዘቡን ለስድስት ወር ወይም ለዓመት ላትነኩት የምትፈርሙበት ነው። ወለዱ ከቁጠባ ይበልጣል፣ ግን በድርድር ነው። ዝም ካላችሁ ማንም አይጨምርላችሁም። ወለድ የማትፈልጉ ደግሞ «ከወለድ ነፃ» የሚለው መስኮት አለላችሁ።

ከሁሉም በላይ ልብ በሉ የምለው ግን ውጭ አገር ለምትኖሩት የሚከፈተውን የዳያስፖራ ሂሳብ ነው። በዶላር፣ በዩሮ ወይም በፓውንድ ይቀመጣል። ጥቅሙ የገባን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲወሰን ነው። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ዓመት ሳይሞላ 120 አለፈ። እስቲ አስሉት። ከውሳኔው በፊት 100,000 ብር ማለት 1,750 ዶላር ገደማ ነው። ዓመቱን 7 በመቶ ወልዶ 107,000 ቢሆን እንኳ በ120 ሲመነዘር 900 ዶላር አይሞላም። ወለዱን ምንዛሪው በላው። እኔ ብሆን ለእናቴ ቀለብና ለአናጺ የሚከፈለውን በብር፣ የማይቸኩለውን በዶላር አስቀምጥ ነበር።

አክሲዮን የሚያሻሽጡ ደላሎች ስልካችሁን ካገኙ አይለቋችሁም። ሁለት ቃል ለዩ። «የተፈረመ» ማለት ልትከፍሉ ቃል የገባችሁት ነው፤ «የተከፈለ» በእርግጥ የሰጣችሁት። የትርፍ ድርሻ የሚታሰበው በተከፈለው ነው፣ ባንኩ ካላተረፈ ደግሞ የለም። የውጭ ፓስፖርት የያዛችሁ ትውልደ ኢትዮጵያውያን ከ2011 ጀምሮ የባንክ አክሲዮን መግዛት ተፈቅዶላችኋል። በ2017 የኢትዮ ቴሌኮም አክሲዮን ሲሸጥ ግን ለዜጎች ብቻ ነበር። ስለዚህ «ለኔ ይፈቀዳል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከዋጋው ይቀድማል።

አሁን ወደ ውክልና። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚቃጠለው። ብዙዎቻችሁ «ጠቅላላ ውክልና» ሁሉን ያስደርጋል ብላችሁ ታስባላችሁ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ጠቅላላ ውክልና የሚሰጠው የማስተዳደር ሥልጣን ብቻ ነው፤ ቤት ማከራየት፣ ኪራይ መሰብሰብ፣ ዕዳ መክፈል የመሳሰለውን። ቤት ለመሸጥ ወይም ለብድር በመያዣ ለማስያዝ «ልዩ ውክልና» ያስፈልጋል። አንዳንድ ጸሐፊ ታዲያ «ይሽጥ፣ ይለውጥ፣ ያስይዝ» የሚለውን እንደ ማሟያ ከታች ይደረድረዋል። ያኔ ወንድምህ ቤትህን አስይዞ ቢበደር ባንኩ ጥፋተኛ አይደለም፤ ፊርማው ያንተ ነው። እኛ ለዴንቨሩ ልጅ ያረቀቅነው ሦስት መስመር ነው። የባንኩ ስም፣ የሂሳቡ ቁጥር፣ ገንዘብ ማስገባትና ለግንባታ ዕቃ ማውጣት። መሸጥ የለም፣ ማስያዝ የለም።

ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ፈርማችሁ የላካችሁት ሰነድ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር መረጋገጥ አለበት፤ በዋትስአፕ ፎቶው ደረሰ ብላችሁ አትተኙ፣ ዋናው ነው የሚፈለገው። ውክልናውን ስትሽሩ ደግሞ ለተወካዩ ብቻ አትንገሩ። ለባንኩም በጽሑፍ አሳውቁ፣ ደብዳቤው መድረሱን የሚያሳይ ማህተም ያለበት ቅጂ ይላክላችሁ።