ድመት ለማምከን ሲያስቡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

«መጀመሪያ አንዴ ትውለድ» ማለት። ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። መውለዷ ለጤናዋ የሚጨምርላት ነገር የለም። እንዲያውም ወንድ መፈለግ ሳትጀምር ከመከነች በኋላ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ በጣም ይቀንሳል። ማህፀን ውስጥ መግል ከሚቋጥረው አደገኛ ሕመምም ትድናለች። ሴት ድመት ገና በ4 ወሯ ልታረግዝ ትችላለች። እርግዝናው 9 ሳምንት ያህል ነው፤ እያጠባችም እንደገና ልታረግዝ ትችላለች። ለመጀመሪያዎቹ ልጆች ወሳጅ ሳይገኝ ሌሎች ይደርሳሉ። በካርቶን ተደርገው ሥጋ ቤት አጠገብ የሚጣሉት እነዚህ ናቸው። ያሳዝናል፤ ደግሞም ማስቀረት ይቻላል።

ስለዚህ ጤነኛ ከሆነች 5 ወር ሳይሞላት ሐኪም ጋ ይውሰዷት። ዓመት እስኪሞላት ሲጠብቁ አርግዛ ያገኟታል።

እህትና ወንድም አንድ ላይ እያሳደጉ «ምን ይሆናሉ» ብሎ መተውም ያው ነው። ድመት ዝምድና አይቆጥርም።

«ወንድ ነው፣ አይወልድብኝ» ማለት። ያልተኮላሸ ወንድ ግድግዳው ላይ ይሸናል፣ ለቀናት ይጠፋል፣ ተነክሶ ይመለሳል። በንክሻ የሚተላለፍ፣ የድመትን በሽታ የመከላከል አቅም የሚያዳክምና ፈውስ የሌለው ቫይረስ አለ። የወንዱ ቀዶ ሕክምና ሆድ መክፈት ስለማይጠይቅ ከሴቷ ይቀላል። ግን ከተኮላሸ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ሊያስረግዝ ስለሚችል ካልመከነች ሴት ይለዩት።

«አይጥ መያዝ ትተዋለች» ብሎ መፍራት። አትተውም። ማደን ከመራባት ጋር የተያያዘ ጠባይ አይደለም። መወፈሩ ግን እውነት ነው፤ ምግቧን መመጠን ያስፈልጋል።

በሬና ሙክት እንደሚኮላሸው ቤት ውስጥ ያለ ማደንዘዣ መሞከር ጭካኔ ነው። የሰው የወሊድ መከላከያ መስጠትም መፍትሔ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ሆርሞን ማህፀኗንና ጡቷን ሊያሳምም ይችላል። ብዙ የእንስሳት ሐኪሞቻችን የሚውሉት ከከብት ጋር ስለሆነ «ድመት ላይ ሠርተው ያውቃሉ? ማደንዘዣውስ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ከምግብ ለስንት ሰዓት እንደምትከለከልም ይጠይቁ፤ ትንንሾቹ ብዙ መጾም የለባቸውም።

የመጨረሻውን አደራ እላለሁ። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሟታል ብለው ፓራሲታሞል አይስጧት። አንድ ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል። የሕመም ማስታገሻዋን ሐኪሙ ይዘዝላት።