ባሕር ዳር ተቀምጦ የመርከብ ኔትወርክ መለማመድ

ባሕር ዳር ማሪታይም አካዳሚ ኢቲኦ (የመርከብ ኤሌክትሮቴክኒክ መኮንንነት) የምትማሩ፣ ወይም ጎጃም ውስጥ ኔትወርክ የምትነካኩ ልጆች፣ ይሄ ለእናንተ ነው። ባሕሩ ሩቅ ነው። ለዚህ ልምምድ ግን ጣናም አያስፈልግም፣ አንድ ደህና ላፕቶፕ ይበቃል።

አሁን አሁን የንግድ መርከብ ላይ ከአንድ በላይ የሳተላይት መስመር ማግኘት የተለመደ ነው። ስታርሊንክ 550 ኪሎ ሜትር አካባቢ ላይ ስለሚዞር ፈጣን ነው። ቪሳቱ (በዲሽ አንቴና የሚሠራው መስመር) አብዛኛውን ጊዜ 35,786 ኪሎ ሜትር ላይ ካለ ሳተላይት ጋር ስለሚያወራ ፒንግ ሄዶ እስኪመለስ 600 ሚሊሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ኤል-ባንዱ (በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የሚሠራው የሳተላይት መስመር)፣ ለምሳሌ ፍሊትብሮድባንድ፣ ቢበዛ 432 ኪሎቢት በሰከንድ ነው። ቀርፋፋና ውድ ነው፣ ዝናብ ግን እምብዛም አይበግረውም። ሥራችን ራውተሩ የቱ መስመር በሕይወት እንዳለ ራሱ አውቆ እንዲመርጥ ማድረግ ነው።

ላፕቶፑ ውስጥ ሁለት ሊኑክስ ቨርችዋል ማሽን (በሶፍትዌር የተፈጠረ ኮምፒውተር) አስነሱ። አንዱ መርከቧ፣ ሌላው የብስ ላይ ያለው ቢሮ ይሁን። በሦስት የኔትወርክ ካርድ አገናኟቸውና ሁለቱም ላይ ኤፍአርአር የሚባለውን ሊኑክሱን ራውተር የሚያደርግ ሶፍትዌር ጫኑ፣ ነፃ ነው። ከዚያ ኔትኤም በሚባለው፣ የመስመር ችግር በሚያስመስለው የሊኑክስ መሣሪያ ለቪሳቱ በየአቅጣጫው 300 ሚሊሰከንድ፣ ለስታርሊንኩ 25 መዘግየት ጨምሩ። ኤል-ባንዱን ደግሞ ፍጥነቱን እነቁት።

በየመስመሩ አንድ የዋየርጋርድ ታነል (የተመሰጠረ መተላለፊያ) ዘርጉ። የምትጠራው መርከቧ ትሁን፣ ምክንያቱም የሳተላይት አቅራቢው ብዙ ጊዜ የራሳችሁ የሆነ የሕዝብ አይፒ አይሰጣችሁም፣ ከየብስ ብትደውሉላት አታገኟትም። ኤምቲዩው (የአንድ ፓኬት ትልቁ መጠን) 1420 ባይት ይሁን፤ የቲሲፒ ኤምኤስኤሱንም (ፓኬቱ ውስጥ የሚገባውን የዳታ ልክ) 1380 ላይ ቁረጡት፣ አለዚያ ፒንግ እየሠራ ዌብሳይት አልከፍትም ይላችኋል።

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። ሦስት ታነል ስለከፈታችሁ ብቻ ሦስት መስመር አላችሁ ማለት አይደለም፤ የመርከቧ ራውተር አንድ ዲፎልት መንገድ (የተለየ መንገድ ያልተጻፈለትን ሁሉ የሚልክበት) ብቻ ካለው ሦስቱም ታነሎች በዚያው በአንዱ ሞደም ይወጣሉ፣ እሱ ሲወድቅ ሦስቱም አብረው ይወድቃሉ። ቀላሉ መፍትሔ የብስ ላይ ሦስት አድራሻ ይዞ ለእያንዳንዱ በየሞደሙ የሚያልፍ ቋሚ መንገድ መጻፍ ነው። ይህ በቢጂፒ (ራውተሮች መንገድ የሚነጋገሩበት ፕሮቶኮል) የሚመጣው ዲፎልት መንገድ ታነሉን መልሶ እንዳይውጠውም ያደርጋል።

አሁን በየታነሉ ላይ ቢጂፒ አስነሱ። ሎካል ፕሪፈረንስ (የመንገዱ ተመራጭነት ነጥብ) ለስታርሊንክ 300፣ ለቪሳት 200፣ ለኤል-ባንድ 100። ትልቁ ያሸንፋል። የብስ ያለው ራውተርም ተመሳሳይ ቅደም ተከተል ይኑረው፣ አለዚያ ሄዶ በስታርሊንክ፣ መጥቶ በቪሳት ይሆንና ፋየርዎሉ ግራ ይጋባል።

ቢጂፒ በተለመደው ቅንብሩ ጎረቤቱ እንደሞተ ለማመን 180 ሰከንድ ይጠብቃል። ሦስት ደቂቃ! ስለዚህ ቢኤፍዲ ጨምሩ፤ በየአፍታው አጭር ፓኬት እየላከ መስመሩ በሕይወት መኖሩን የሚያይ ነው። ግን አትቸኩሉ፤ 300 ሚሊሰከንድ ሲባዛ በሦስት (በየ300 ሚሊሰከንዱ ልኮ ሦስት ሲጠፋ መስመሩ ሞተ ማለት) የሚለው ለሕንፃ ኔትወርክ የሚመች ነው፣ ባሕር ላይ ማዕበሉ አንቴናውን ሲያወዛውዝ ጥቂት ፓኬት በጠፋ ቁጥር መስመር ያስቀይራችኋል። መዘግየቱ በራሱ ቢኤፍዲን አይጎዳውም፤ የሚጎዳው መንቀጥቀጡና የፓኬት መጥፋቱ ነው። እኔ በአንድ ሰከንድ ልዩነት፣ አምስት ሲጠፋ እላለሁ።

መመለሱም ላይ ትዕግሥት ይኑር። መርከቧ አቅጣጫ ስትቀይር ማስቱ (ምሰሶው) ወይም ጭስ ማውጫው የቪሳቱን አንቴና ይጋርደዋል፣ ትንሽ ቆይቶ ይገለጣል፣ ደግሞ ይጋረዳል። መስመሩ ሲመለስ ሎካል ፕሪፈረንሱን ለጥቂት ደቂቃ ዝቅ አድርጎ የሚያቆይ ትንሽ ስክሪፕት ጻፉ።

ስትፈትኑ ካርዱን አታጥፉ፤ ያ ቀላሉ አወዳደቅ ነው፣ ማንኛውም ራውተር ያውቀዋል። በኔትኤም የፓኬት ጥፋቱን 100 ፐርሰንት አድርጉት። ካርዱ እንደበራ ነው፣ ሞደሙ አረንጓዴ ነው፣ የሚያልፍ ነገር ግን የለም፤ የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይሄ ነው። በሌላ መስኮት ፒንግ እየሄደ ስንት እንደጠፋ ቁጠሩ። ከሰባት ስምንት ሰከንድ በላይ ከወሰደ ቢኤፍዲው ከቢጂፒው ጋር መታሰሩን እንደገና እዩ።

በመጨረሻ ኤል-ባንዱ ላይ የመርከበኞቹን ቪዲዮና የስልክ አፕዴት በፋየርዎል ዝጉ። እዚያ የሚያልፉት የካፒቴኑ ኢሜይል፣ የአየር ትንበያና ስልክ ብቻ ይሁኑ። ሂሳቡ በሜጋባይት ሲመጣ የሚጠየቀው ኢቲኦው ነው።