አውሮፕላንን ጭራው መሬት ሳይነካ እንዴት ማሳረፍ ይቻላል?

አውሮፕላኑ ጎማው መሬት መንካቱ ሳይታወቅ ሲያርፍ ጭብጨባው ይቀልጣል። ከኋላ ወንበር እልልታም ይሰማል። እኔም አጨብጭቤያለሁ። ጉዱ ግን እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ጭራን ከአስፋልት ጋር የሚያገናኘው ይኸው «ቀስ ብዬ ልረፍ» የሚል ጉጉት ነው።

ፓይለቶች ቴይል ስትራይክ ይሉታል። አውሮፕላን ሲያርፍ መጀመሪያ መሬት የሚነኩት ከክንፉ ስር ያሉት ዋና ጎማዎች ናቸው። ያኔ አፍንጫው ትንሽ ቀና ብሎ ነው። አፍንጫው ቀና ባለ ቁጥር ጭራው ይወርዳል። ረጅም አውሮፕላን ደግሞ ቶሎ ይነካል። ኤርባስ ኤ320 ክብደቱ ጎማው ላይ ካረፈ በኋላ አፍንጫው 12 ዲግሪ ገደማ ቢደርስ ጭራው መሬት ያገኛል። ከእሱ በ7 ሜትር ገደማ የሚረዝመው ኤ321 ግን 10 እንኳ ሳይሞላ ይነካል። ቤታችሁ በሲሙሌተር (በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ) የምትበሩ ከሆነ በኤ321 ተለማመዱ። ቀልድ አያውቅም።

ደረጃ 1፦ ሳትደርሱ ተረጋጉ

ከመሬት 1,000 ጫማ ላይ ስትሆኑ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን መያዝ አለበት፦ ጎማው ወርዷል፣ ፍላፑ (በዝግታ ሲበር ክንፉን የሚያግዘው ተዘርጊ ክፍል) ተዘርግቷል፣ ፍጥነቱ ልክ ነው፣ ቁልቁለቱ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። በተለይ ፍጥነቱ። ፍጥነት ሲቀንስ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለመሸከም አፍንጫው ቀና ማለት ይኖርበታል። ዘገም ብላችሁ ከመጣችሁ ገና መሬት ሳትደርሱ ለጭራው የተተወችውን ክፍተት በልታችኋል ማለት ነው። ነገሩ ካልተስተካከለ ሞተሩን ከፍታችሁ ተነሱና ዞራችሁ ኑ። ነውር የለውም።

ደረጃ 2፦ አፍንጫውን ትንሽ ቀና አድርጉ፣ ከዚያ ተዉት

ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። ከመሬት 30 ጫማ ገደማ ላይ መሪውን በዝግታ ወደ ራሳችሁ ሳቡ። አፍንጫው የሚነሳው 2 ወይም 3 ዲግሪ ብቻ ነው። የሞተሩን ጉልበት ወደ ዝቅተኛው መልሱ። አሁን አውሮፕላኑ ይረፍ።

የሚከብደው መተዉ ነው። «ትንሽ ልያዘው፣ ለስለስ ይበል» ብሎ መሪውን መሳብ ያምራል። አውሮፕላኑ ይንሳፈፋል፣ ፍጥነቱ ይወርዳል፣ አፍንጫው ይነሳል፣ ጭራው ይወርዳል። በ140 ኖት (በሰዓት 260 ኪሎ ሜትር ገደማ) የሚሄድ አውሮፕላን በሰከንድ 72 ሜትር ገደማ ማኮብኮቢያ ይጨርሳል። 5 ሰከንድ መንሳፈፍ ማለት 360 ሜትር ነው። ጠንከር ብሎ፣ በሰዓቱ፣ በትክክለኛው ቦታ መውረድ ይሻላል። ተሳፋሪው ባያጨበጭብም።

ቦሌ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል። ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ያልፋል፤ አየሩ ስስ ነው። የፍጥነት መለኪያው 140 ኖት ቢልም በእውነት አየሩን የሚቀድደው በ157 ገደማ ነው፤ ቀኑ ከሞቀ ደግሞ ከዚያም በላይ። በዚያው ቁልቁለት ሲመጣ ወደ መሬትም የሚወርደው ፈጠን ብሎ ነው። መፍትሔው አፍንጫውን በኃይል መሳብ ሳይሆን ትንሽ ቀደም ብሎ መጀመር ነው።

ደረጃ 3፦ ረዳታችሁን ስሙ

አንዱ ሲያበር ሌላው ዲግሪውን ያያል። ኤ321 ላይ አፍንጫው 7.5 ዲግሪ ሲደርስ «ፒች!» (አፍንጫው በዛ እንደማለት) ብሎ ይጮኻል። ኤ320 ላይ ገደቡ 10 ነው። ይህን ከሰማችሁ መሳቡን አቁሙ።

ደረጃ 4፦ ጎማው ነካ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

ክንፉ ላይ ያሉት ስፖይለሮች (ክንፉ ማንሳቱን እንዲያቆም የሚነሱት ሳንቃዎች) ብድግ ሲሉ አንዳንድ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ ላይ ይላል። ስለዚህ የፊት ጎማውን አየር ላይ ይዛችሁ አትቆዩ፤ ሳትለቁትም ሳትጥሉትም አውርዱት። አውሮፕላኑ ነጥሮ ቢነሳስ? ትንሽ ከሆነ አፍንጫውን ባለበት ያዙና ይመለስ። ብዙ ከነጠረ ሙሉ ጉልበት ሰጥታችሁ ዳግም ተነሱ። እዚህ ላይ የሚሠራው ስህተት መሪውን ጎትቶ መገንጠል ነው። ጎማው አንዴ ደግሞ መሬት ቢነካም ችግር የለውም።

ደረጃ 5፦ ከነካ አትደብቁት

ከፊት ሆኖ ላይሰማ ይችላል። ከኋላ የሚቀመጡት አስተናጋጆች «ምንድን ነው የተጫረው?» ካሉ አምናችሁ ስሙ። ዳግም ተነስታችሁ ከሆነ ከፍ ብላችሁ አትውጡ፤ የውስጡን የአየር ግፊትም አትጨምሩ። ተመልሳችሁ አርፉና መሐንዲስ ሳያየው አይነሳ።

ይህን የምለው በምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. ሰኔ 2 ቀን 1978 የጃፓን አየር መንገድ ቦይንግ 747 ኦሳካ ሲያርፍ ጭራው መሬት መታ። ከኋላ ያለው፣ የአየር ግፊቱን የሚይዘው ግድግዳ ተጎዳና ተጠገነ። ጥገናው ግን ስህተት ነበር፦ አንድ ወጥ ማያያዣ ቆርቆሮ መግባት ሲገባው ለሁለት ተቆርጦ ገባ። አውሮፕላኑ እንዲያ ሆኖ 7 ዓመት በረረ። ነሐሴ 12 ቀን 1985 ግድግዳው አየር ላይ ተቀደደ፤ ቀጥ ያለው ጭራና የመሪው ሃይድሮሊክ (መሪውን በፈሳሽ ግፊት የሚያንቀሳቅሰው ሥርዓት) አብረው ሄዱ። ከ524 ሰዎች 4ቱ ብቻ ተረፉ።

የታይዋኑ አየር መንገድ የቻይና ኤርላይንስ 747 ደግሞ በ1980 ሆንግ ኮንግ ላይ ነበር ጭራው የተቧጨረው። የተቧጨረው ቆርቆሮ ሳይወጣ በላዩ ሌላ ተለጠፈበት። ከስሩ ያለው ስንጥቅ 22 ዓመት ሙሉ ቀስ እያለ ሄዶ፣ ግንቦት 25 ቀን 2002 አውሮፕላኑ 225 ሰዎች እንደያዘ አየር ላይ ተበታተነ።