የፕሮቫንስን ገጠር ማድ ቤት የሚመስል ግድግዳ በኖራ እንዴት ይቀባል?

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በፕሮቫንስ ገጠር፣ የድሮ ማድ ቤት ግድግዳ ቀለሙ አንድ ወጥ አይደለም፤ አንዱ ጋ ደመቅ፣ ሌላው ጋ ፈዘዝ ይላል። ይህን መልክ የሚያመጣው ኖራና ኦከር የሚባለው ባለቀለም አፈር ነው። የሩሲዮን መንደር በዚሁ ቢጫና ቀይ አፈሯ የታወቀች ናት። በፕላስቲክ ቀለም ማስመሰል ይቻላል የሚሉ አሉ፤ እኔ አልመክርም። ፕላስቲክ ቀለም ላይ ላዩን ይለብሳል እንጂ ከልስኑ ጋር አይዋሃድም።

መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ውሃ ይርጩ። ከመጠጠው ኖራ ይይዛል። ውሃው እየተንኳለለ ከወረደ ግን ዘይት ወይም ፕላስቲክ ቀለም አለበትና እስከ ልስኑ ድረስ መፋቅ አለበት። ቅባት ማጠብና ስንጥቅ መድፈን ያው የታወቀ ነው።

ኖራ ሲገዙ ቀድሞ በውሃ የበረደውን ዱቄት ይምረጡ። ጥሬ ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ዓይን ያጠፋል። በበረደውም ቢሆን ጓንትና መነጽር ያድርጉ። አንድ እጅ ኖራ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጠው ያሳድሩትና ያጥልሉት። ኦከሩን ለብቻው በውሃ ካሟሙ በኋላ ይጨምሩ፤ ክብደቱ ከኖራው 10 በመቶ አይለፍ፤ ከበዛ ሲደርቅ በእጅ ይለቃል። ለጠቅላላው ግድግዳ የሚበቃውን በአንድ ጊዜ ያዘጋጁ፤ ያንኑ ቀለም ደግሞ ማግኘት ከባድ ነው።

ትዕግሥት የሚጠይቀው አቀባቡ ነው። ኖራ ርጥብ ሳለ ጠቆር ይላል፤ ሲደርቅ በጣም ይነጣል። ስለዚህ ማዕዘን ላይ ትንሽ ቀብተው እስኪደርቅ ሳያዩ ስለ ቀለሙ አይፍረዱ።

ግድግዳውን በውሃ አርጥበው በሰፊ ብሩሽ፣ ወዲያና ወዲህ እያጠላለፉ ይቅቡ። ሮለር ይተዉት፤ የብሩሹን ዱካ ያጠፋል፣ የምንፈልገው ደግሞ ዱካውን ነው። ድብልቁ እንደ ወተት የቀጠነ ይሁን። የመጀመሪያው ዙር ልስኑን ሳይሸፍን ሲቀር ብዙ ሰው ይደነግጥና ያወፍረዋል፤ የወፈረ ኖራ ደግሞ ይሰነጠቃል፣ ይረግፋል። አይንኩት፤ ሲደርቅ ይሸፍናል። መሀል ግድግዳ ላይም አያቋርጡ፤ ያቆሙበት መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ከጥግ እስከ ጥግ ይጨርሱ።

በማግስቱ እንደገና አርጥበው ሁለተኛውን፣ ከዚያም ሦስተኛውን ዙር ይድገሙ። ኖራ የሚጠነክረው ከአየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ሲመለስ ነው፤ ለዚህም እርጥበት ያስፈልገዋል። ኃይለኛ ፀሐይ ወይም ነፋስ ቶሎ ካደረቀው ዱቄት ሆኖ ይቀራል። የመጨረሻውን ዙር ይበልጥ አቅጥነው፣ ኦከሩን ትንሽ ጨምረው ቢቀቡና ሳይደርቅ አለፍ አለፍ እያሉ በጨርቅ ቢያብሱት፣ ያ ደመቅ ፈዘዝ ያለው መልክ ይወጣል።

ከምድጃው ጀርባና ከእቃ ማጠቢያው በላይ ግን ሴራሚክ ይለጥፉ። ቅባት የጠጣ ኖራ አይጸዳም።